ነፃው ጨዋታ ስንት ያስከፍለናል?

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ኳስ ነው። ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ልንከራከር ግን አይደለም፤ እሱን በየዶርሙ ጠግበነዋል። የምንነጋገረው ጨዋታው በምን መንገድ ስልካችን ላይ እንደሚደርስ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና እኛም ሳይታወቀን ምን እየከፈልን እንደሆነ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየቴሌግራም ግሩፑ የሚደጋገመው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሊንክ ያለው?» ብዙም ሳይቆይ ሊንኩ ይመጣል። አንዳንዱ በነፃ የሚከፈት ነው። ሌላው ደግሞ በወር ትንሽ ብር ተከፍሎበት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቻናሎችን የሚያሳይ፣ ሻጮቹ «አይፒ ቲቪ» ብለው የሚጠሩት ነው። አይፒ ቲቪ ማለት ቴሌቪዥንን በኢንተርኔት መስመር ማስተላለፍ ማለት ብቻ ስለሆነ ቴክኖሎጂው በራሱ ጥፋት የለበትም። ችግሩ እኛ ግቢ የሚዞሩት አብዛኞቹ ሊንኮችና አፖች የጨዋታው ባለመብት ሳይፈቅድ የሚያሳዩ መሆናቸው ነው።

ለምን ተወደደ?

መጀመሪያ ፍትሐዊ እንሁን። ተማሪ ርካሽ ነገር ቢፈልግ አይፈረድበትም። ዲኤስቲቪ በግል ማስገባት ለተማሪ የሚታሰብ አይደለም። የቀረው አማራጭ ከግቢ ውጪ ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ መግቢያ አለ፣ ጭስ አለ፣ ስድብ አለ፤ የምሽቱ ጨዋታ ሲያልቅ የግቢ በር የመዘጋት ስጋትም አለ። እህቶቻችን ዘንድ ነገሩ ይብሳል። ኳስ የሚወዱ እህቶች አሉን፤ በወንድ ታጭቆ የሚጮህበት ቤት ገብተው ግን አያዩም። ለእነሱ ስልኩ ብቸኛው መንገድ ነው። ስለዚህ «ሊንክ አትክፈቱ» ብሎ መክሮ መሄድ ቀላል ቢሆንም ችግሩን አይፈታም። ሰው ወደ ሊንኩ የሚሄደው ሌላ በር ስለጠፋበት ነው።

ዋጋው ከባድ የሆነውም እኛ ላይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ስሊንግ ቲቪ የተባለው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀምር በወር 20 ዶላር ብቻ እየጠየቀ ኢኤስፒኤንን የመሰለ የስፖርት ቻናል ያሳይ ነበር። ከኬብል ቴሌቪዥን ውድ ክፍያ ለመሸሽ ብዙ ሰው ወደዚያ ሄደ። ዩቲዩብ ቲቪም በ2017 በ35 ዶላር ጀመረ፤ በ2025 ግን ወርሃዊ ዋጋው ወደ 83 ዶላር ደረሰ። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፣ ሁለቱም በርካሽነት ስም ነው የመጡት። ቀጥታ ስፖርት የሚያሳይ ድርጅት ለረጅም ጊዜ ርካሽ ሆኖ መቆየት እንደማይችል ግን ታሪካቸው ያሳያል። ለምን?

ውድ ያደረገው «ቀጥታ» የሚለው ቃል ነው

ተከታታይ ድራማ ዛሬ ቢያመልጠን ነገ እናየዋለን፤ ማስታወቂያ ሲመጣም ዘለን እናልፋለን። ጨዋታ ግን እንደዚያ አይደለም። ውጤቱን ከሰማን በኋላ ያለው ዘጠና ደቂቃ የቀዘቀዘ ሻይ ነው። ስለዚህ ሚሊዮኖች በአንድ ሰዓት፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይቀመጣሉ። ማስታወቂያ አስነጋሪ የሚገዛው ይህንን ነው፤ ዘሎ የማያልፍ ተመልካች። በ2025 የአሜሪካ ሱፐር ቦውል ላይ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ዋጋ 8 ሚሊዮን ዶላር የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ1992 ሲጀመር የአገር ውስጥ ስርጭት መብቱ ለአምስት የውድድር ዘመን 304 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገመተ። በታኅሣሥ 2023 የተፈረመው፣ ከ2025/26 ጀምሮ ለአራት የውድድር ዘመን የሚያገለግለው ውል ግን 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። ያውም ይህ ለእንግሊዝ ብቻ የተሸጠው ነው። ይህን ያህል የከፈለ ጣቢያ ገንዘቡን የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከተመልካች ክፍያ ወይም ከማስታወቂያ።

እግር ኳስ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው ለማስታወቂያ አይቋረጥም። ስለዚህ ማስታወቂያው ጨዋታው ውስጥ ገባ፦ በማሊያው ደረት፣ በእጅጌው፣ በሜዳው ዙሪያ በሚበራው ሰሌዳ፣ በስክሪኑ ጥግ። ሕፃን ልጅ የሚወደውን ተጫዋች ስም ሳይማር ደረቱ ላይ ያለውን የውርርድ ድርጅት ስም ያነባል። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ራሳቸው በሚያዝያ 2023 የውርርድ ድርጅቶች ስም ከማሊያቸው ደረት ላይ እንዲነሳና ከ2025/26 የውድድር ዘመን በኋላ እንዳይኖር ተስማምተዋል። እጅጌውና የሜዳው ሰሌዳ ግን በስምምነቱ አልተካተቱም።

ነፃው ሊንክ የሚያመጣው ማስታወቂያ

የጽሑፋችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምናስበው «ነፃው ሊንክ ከክፍያም ከማስታወቂያም ገላገለን» ብለን ነው። እውነታው ተቃራኒ ነው። ክፍያውን አስቀረ፤ ማስታወቂያውን ግን ማንም ተጠያቂ ወደማይሆንበት ቦታ ወሰደው።

በአገራችን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የፈለገውን ማስታወቂያ ማስተላለፍ አይችልም። በ2011 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ጣቢያ ቢያጠፋ የሚከሰስበት ስምና አድራሻ አለው፤ የሚቆጣጠረው ባለሥልጣንም አለ። የተሰረቀ ስርጭት የሚያሳየው ገጽ ግን ባለቤቱ አይታወቅም፣ የት አገር እንዳለም አይታወቅም። ታዲያ ስሙ እንዲከበር የሚፈልግ ባንክ ወይም የሳሙና ፋብሪካ እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ያወጣል? አያወጣም። የሚያወጣው ሌላ ቦታ ተቀባይ ያጣው ነው፦ ፈቃድ የሌለው የውርርድ ድርጅት፣ ጸያፍ ምስል የሚያሳይ ገጽ፣ «ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» እያለ አፕ የሚያስጭን አጭበርባሪ። ጨዋታውን ለመክፈት ሦስት ጊዜ ስንጫን ሦስት ጊዜ ወደ እነዚህ የምንወረወረው በአጋጣሚ አይደለም። የገጹ ገቢ እሱ ነው።

ዓይናችንን ከሐራም ለመጠበቅ የምንጥር ወጣቶች ነን። መንገድ ላይ ብናየው ፊታችንን የምናዞርበትን ምስል በገዛ እጃችን ጥበቃ በሌለበት በር እየጠራነው መሆኑን ልብ እንበል።

ብዙ ሊንክ የሚለቁ የቴሌግራም ቻናሎችንም እንመልከት። ከጨዋታው በፊት «የዛሬ ትኬት»፣ ከጨዋታው በኋላ «የቪአይፒ ጥቆማ» ይለጥፋሉ። አንዳንዶቹ «የተሸጠ ጨዋታ አለን» ብለው ገንዘብ ይሰበስባሉ። በእርግጥ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ለእኛ በመቶ ብር አይሸጥልንም ነበር። ኳሱ ማጥመጃ ነው፤ የሚሸጠው ቤቲንጉ ነው።

«እኛ እናያለን እንጂ አንቆምርም» የሚል መልስ እንሰማለን። አልሐምዱሊላህ፣ ብዙዎቻችን ያለነው እዚያ ነው። ነገር ግን የኖን ካፌ ብሩን በገባ በሦስተኛው ቀን ጨርሶ «አበድረኝ» እያለ የሚዞር ወንድም በመካከላችን መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ወንድም አንድ ቀን ተነስቶ ቁማርተኛ ልሁን አላለም። መጀመሪያ ሊንክ ፈለገ፣ ቀጥሎ ቻናሉን ተቀላቀለ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ትኬት በነፃ ተሰጠው። ቁማር በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ መከልከሉን ልጅ ሆነን ተምረናል፤ ስሙ «ቤቲንግ» ስለተባለ ፍርዱ አይለወጥም።

ሒሳቡንም እንየው፤ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለነው። እኩል የማሸነፍ ዕድል ያላቸው ሁለት ውጤቶች ቢኖሩ ፍትሐዊው ክፍያ የመደቡ 2 እጥፍ ነው። አወራራጁ ግን ለምሳሌ 1.90 ይከፍላል። ስለዚህ ከመደብነው 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 95 ብር ነው። ተማሪ ግን አንድ ጨዋታ ብቻ አይቆርጥም፤ ትልቅ ብር ስለሚያሳይ አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ይደረድራል። ያኔ 0.95 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.60 ገደማ ይሆናል። ከ100 ብር 40 ብር ገና ኳሱ ሳይንከባለል በአማካይ ተቆርጧል ማለት ነው። ትኬቱ በረዘመ ቁጥር ተስፋው ያድጋል፣ ተመላሹ ግን ይቀንሳል።

ሐቁ የማን ነው?

ሁለተኛው ክርክር «ካምፓኒው ሀብታም ነው፣ እኛ ብናይ ምን ይጎድልበታል?» የሚለው ነው። የባለሀብት ሐቅም ሐቅ ነው። የዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩዌት ባካሄደው 5ኛ ጉባኤ፣ በቁጥር 43 ውሳኔው የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ስም መብቶች በሸሪዓ የሚጠበቁ መሆናቸውንና እነሱን መድፈር እንደማይፈቀድ አስፍሯል። የቀጥታ ስርጭት መብት ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተዋለን። የአገራችን ሕግም ቢሆን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለብሮድካስት ድርጅቶች ጥበቃ ሰጥቷል።

ነገሩን «የእነሱና የእኛ» አድርጎ የሚያይ ካለ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ከ2017 ጀምሮ ቢአውትኪው የሚባል ጣቢያ የኳታሩን የቢኢን ስፖርትስ ስርጭት እየወሰደ በራሱ ምልክት ያሳይ ነበር፤ የ2018ን የዓለም ዋንጫም ጭምር። ጉዳዩ እስከ ዓለም ንግድ ድርጅት ደረሰ። በጁን 2020 የወጣው የፓነሉ ሪፖርት ሳዑዲ ዓረቢያ በቢአውትኪው ላይ የወንጀል ሕጓን አለማስፈጸሟን ገልጿል። እዚያ ጋ የተጎዳውም የተመለከተውም አብዛኛው ሙስሊም ነበር። የሰው ሐቅ የባለቤቱን ሃይማኖትና አገር እየጠየቁ የሚጠበቅ ወይም የሚጣስ አይደለም።

ወደ ቤታችንም እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት የስርጭት ውል ፈርሞ ነበር። ክለቦቻችን ከስርጭት መብት ገንዘብ ማግኘት የሚችሉት እንዲህ ባለ ውል ነው። የራሳችንን ሊግ በተሰረቀ ሊንክ ስናይ የሚጎድለው ከሩቅ ባለሀብት ኪስ ብቻ ሳይሆን ከሰፈራችን ልጅ ደመወዝም ነው።

ለርካሹ የከፈለውስ ምን ዋስትና አለው? በሴፕቴምበር 2019 የጣሊያን ፖሊስ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆኖ ኤክስትሪም ኮድስ የተባለውን፣ ብዙ የአይፒ ቲቪ ሻጮች ይጠቀሙበት የነበረውን ሥርዓት ዘጋ። በየአገሩ አስቀድመው የከፈሉ ተመልካቾች በአንድ ቀን ስክሪናቸው ጠቆረ። «ብሬን መልስ» ብለው የሚከሱት አልነበረም። የእኛ ሻጭም ስልኩን ሲዘጋ ሁኔታው ተመሳሳይ ነው።

ዳታውስ? በጥሩ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። የሁለት ሰዓት ጨዋታ 6 ጊጋባይት ማለት ነው። ጥራቱን ዝቅ ብናደርገው እንኳ 2 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። በኢንተርኔት የሚመጣ ስርጭት በጥቂት ሰከንድ እየተቆራረጠ፣ ስልካችን ላይ እየተጠራቀመ ስለሚጫወት ከሳተላይቱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ኳሱ ገና መሐል ሜዳ ላይ እያለ ከሩቅ «ጎል!» የሚል ጩኸት የምንሰማው ለዚህ ነው። ለጥቅሉ ከፍለን፣ ያለቀ ዜና እያየን፣ ነፃ ነው እንላለን።

የሚከተለን ስክሪን

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ዲኤስቲቪ ቤት ስንወጣ ይቀራል፤ ስልኩ ግን መስጂድ በር ድረስ ይከተለናል። የእንግሊዝ ሰዓት ስለሚቀያየር የቅዳሜው ዋና ጨዋታ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ 11 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። በሁለቱም ጊዜ መግሪብ የሚገባው ኳሱ እየተንከባለለ ነው። በክረምታቸው ወራት የቻምፒየንስ ሊጉ ጨዋታ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይጠጋል፤ ሱብሒ ደግሞ ከንጋቱ 11 ሰዓት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይደርሳል። ኳስ ማየት ሁሉ ጥፋት ነው አንልም። የቀኑን ፕሮግራም የሚያወጣልን ግን የስርጭት ባለቤት ሳይሆን አዛኑ መሆን አለበት።

ምን እናድርግ?

ችግር ዘርዝሮ መበተን አንፈልግም። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ግቢ ውስጥ ሕጋዊ ማያ ቦታ እንዲኖር እንጠይቅ። በተማሪዎች ላውንጅ ለሕዝብ ማሳያ የሚሆን ሕጋዊ ክፍያ ተፈጽሞ፣ ተማሪው በትንሽ መዋጮ የሚያይበት አሠራር ይቻላል። ለቤት የተፈቀደ ካርድ ላውንጅ ውስጥ ማሳየት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ለሕዝብ ማሳያ የሚሆነው ውል ሌላ ነው። ይህን ጥያቄ የተማሪዎች ኅብረት ዘንድ ለማቅረብ ጀመዓው ብቻውን መሄድ የለበትም። ኳስ የሁሉም ተማሪ ስለሆነ ከሌሎች ወገኖቻችን ጋር አብረን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ለእህቶች የተለየ ሰዓት ወይም የተለየ ክፍል በጥያቄያችን ውስጥ ይካተት። ለእነሱ ያልተመቸ መፍትሔ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ሦስተኛ፣ ጨዋታ እንምረጥ። በሳምንት የሚተላለፈውን ሁሉ ማየት ግዴታ አይደለም። ብዙ ሊጎችና ክለቦች የጨዋታውን ዋና ዋና ክፍሎች ራሳቸው በዩቲዩብ ገጻቸው በነፃ ያወጣሉ። ለብዙዎቹ ጨዋታዎች አሥር ደቂቃው ይበቃል፤ ሐላልም ነው፣ ዳታም ይቆጥባል።

አራተኛ፣ ከቤቲንግ ጋር ሊንክ የሚያሠራጩ ቻናሎችን ዛሬውኑ እንውጣባቸው። በጀመዓችን ግሩፖች ውስጥም እንዲህ ያለ ሊንክ እንዳይለጠፍ አስተዳዳሪዎቹ ይከታተሉ። ለሌላው ማስተላለፍ ራስን ከመመልከት የከበደ ነው፤ ሊንኩ ከእጃችን ሲወጣ ማን ጋ እንደሚደርስና ማንን እንደሚያጠምድ አናውቅም።

አምስተኛውና ዋናው፣ ውርርድ ውስጥ የገባ ወንድም ካለን አናጋልጠው፣ አንሳቅበትም። ብር ከማበደር ይልቅ አብረነው ምሳ እንብላ፤ በጨዋታ ሰዓት ብቻውን አንተወው፤ ፈቃደኛ ከሆነ የወር ብሩን የሚያምነው ጓደኛው ይያዝለት። ኡስታዝ ወይም የግቢው የምክር አገልግሎት ጋ መሄድ ከፈለገ አብሮት የሚሄድ ሰው አይጣ። የሚያፍርብን ከሆነ ወደ እኛ አይመጣም፤ ወደ ቻናሉ ይመለሳል።

ርካሽ ነገር መፈለግ ነውር አይደለም። ዋጋው ተደብቆ ሲመጣ አለመጠየቅ ግን ከተማረ ሰው አይጠበቅም። ስለ ላውንጁ ጥያቄ በመጪው የጀመዓ ስብሰባ እንነጋገራለን፤ ሐሳብ ያላችሁ፣ የተለየ አስተያየት ያላችሁም ጭምር፣ መጥታችሁ ተናገሩ። አላህ ዓይናችንን፣ ጊዜያችንንና ገንዘባችንን ይጠብቅልን።